በመኪና ውስጥ ስልክን ለማገናኘትና ቻርጅ ለማድረግ ምን ዓይነት ገመድ ይመረጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመኪና ውስጥ የሚውል የስልክ ገመድ ሁለት ሥራ አለበት፤ ለስልኩ ኃይል ያደርሳል፣ በስልኩና በመኪናው ስክሪን መካከልም መረጃ ያመላልሳል። የገመድ ማሸጊያዎች በትልልቅ ፊደል የሚያስተዋውቁት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም በዋት ቁጥር። በመኪና ውስጥ ሰዎችን የሚያማርረው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም፤ መረጃ ከማያስተላልፍ፣ ከመጠን በላይ ከረዘመ ወይም ሽቦው ከቀጠነ ገመድ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ እዚህ በቅድሚያ የሚነሣው ግንኙነቱ ነው፤ ኃይሉ ከዚያ ይከተላል።

ገመድ ከመግዛቴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

በቅድሚያ የመኪናውን ፖርት ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው ሰፋ ያለው፣ አራት ማዕዘኑ ዩኤስቢ ኤ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ በየትኛውም ገጹ ቢሰካ የሚገባው ትንሹ ታይፕ ሲ እየተለመደ መጥቷል። ዩኤስቢ ጭራሹን የሌላቸው የቆዩ መኪኖችም ክቡ የላይተር ሶኬት አይጠፋቸውም። ቀጥሎ የስልኩ ቀዳዳ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው አይፎን 5 አንሥቶ እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉት የአፕል ስልኮች ላይትኒንግ የተባለውን ጫፍ ይጠቀማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው አይፎን 15 ወዲህ ግን አፕልም ወደ ታይፕ ሲ ተሻግሯል። የአንድሮይድ ስልኮች በአብዛኛው ታይፕ ሲ ናቸው፤ ማይክሮ ዩኤስቢ የሚገኘው በቆዩ ሞዴሎች ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28፣ 2024 ጀምሮ በአባል አገሮቹ ለሽያጭ የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች ታይፕ ሲ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ስለዚህ ዛሬ ገመድ የሚገዛ ሰው በስልኩ በኩል ስላለው ጫፍ ብዙ የሚያመነታበት ምክንያት የለውም። ማሰብ የሚያስፈልገው በመኪናው በኩል ስላለው ጫፍ ነው፤ ስልክ በየጥቂት ዓመቱ ሲለወጥ መኪናው ግን ከነፖርቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያልና።

መኪናዬ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ፖርቶች አሉ። የትኛው ላይ ልሰካ?

ሁሉም አንድ አይደሉም። ከመኪናው ስክሪን ጋር የተያያዘው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ አጠገቡ የስልክ ወይም የዩኤስቢ ምልክት ይታይበታል። የባትሪ ወይም የመብረቅ ምልክት ያለባቸው ፖርቶች ቻርጅ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የላቸውም፤ ከኋላ ወንበር ፊት ለፊት ያሉትም እንዲሁ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ መሆናቸው የተለመደ ነው። ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል፤ ገመድ ለመቀየር ከመነሣት በፊት ይህን ማየት ገንዘብ ያተርፋል።

ስልኬ ቻርጅ ይሆናል፤ የመኪናው ስክሪን ግን ስልኩን አያውቀውም። ለምን?

ፖርቱ ትክክለኛው ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። አንድ የተለመደ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ በውስጡ አራት ሽቦዎችን ይይዛል፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ከጆሮ ማዳመጫ፣ ከእጅ ባትሪ ወይም ከርካሽ ቻርጀር ጋር አብረው የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል የመረጃዎቹ ሽቦዎች ሳይገቡባቸው የሚሠሩ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም፤ ስልኩም ያለምንም ቅሬታ ቻርጅ ይሆንባቸዋል። የስልኩን ካርታና ሙዚቃ በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳዩት አፕል ካርፕሌይም (ለአይፎን) ሆነ አንድሮይድ አውቶ በእነዚህ ገመዶች ሊሠሩ አይችሉም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ገመዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው በስልኩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ወይም ፋይሎች መታየት አለመታየታቸውን ይመልከቱ። ከታዩ ገመዱ መረጃ ያስተላልፋል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ስልኩ ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ስልኩ መቆለፊያው ተከፍቶ ፈቃድ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ከታለፈ ግንኙነቱ አይጀመርም፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይም የዩኤስቢ ምርጫው ቻርጅ ብቻ በሚለው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ገመዱ መረጃ ማስተላለፍ አለበት ሲባል፣ ብዙ ሰው በሰከንድ 10 ወይም 40 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ውድ ገመድ ፍለጋ ይሄዳል። በመኪና ስክሪን ላይ ካርታና ሙዚቃ ለማሳየት የዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ በቂ ነው። ፈጣኖቹ ገመዶች በውስጣቸው ብዙ ሽቦ ስለሚይዙ ወፍራምና ግትር ይሆናሉ፤ በዳሽቦርድ ዙሪያ ለማጠፍ እንኳ አያመቹም።

ገመዱ ምን ያህል ርዝመት ይኑረው?

ስልኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሚደርስ፣ ከዚያ ያላለፈ። ጉግል ለአንድሮይድ አውቶ የሚሰጠው ምክር ገመዱ ከ1 ሜትር ያነሰ እንዲሆን፣ ማራዘሚያና ማከፋፈያም በመካከል እንዳይገባ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ገመድ በረዘመ ቁጥር ኃይል በመንገድ ላይ ይባክናል፤ የመረጃው ምልክትም ይዳከማል፣ በተለይም በሁለት ገመዶች መጋጠሚያ ላይ። የመኪና ንዝረት ደግሞ የላላ መጋጠሚያን አይምርም፤ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ምንም እንከን የማይታይበት ማራዘሚያ፣ በጎርባጣ መንገድ ላይ ግንኙነቱን በየጊዜው ሊቆርጠው ይችላል።

ለኋላ ተሳፋሪ የሚሆን፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግንኙነት የሚባል ነገር ስለሌለበት እስከ 2 ሜትር ቢሄድ ጉዳት የለውም፤ የሚጠየቀው የሽቦው ውፍረት ብቻ ነው።

የሽቦው ውፍረት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከማሸጊያው ላይ ከሚነበቡት ቃላት ሁሉ ይበልጥም ሊታይ የሚገባው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሽቦ ውፍረት ኤደብሊውጂ በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። በአንዳንድ ገመዶች ላይ 28/24 የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ የመጀመሪያው የመረጃዎቹ ሽቦዎች፣ ሁለተኛው የኃይሎቹ ሽቦዎች ቁጥር ነው።

በስሌት ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ባለ 28 ቁጥር የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.21 ኦም ያህል የመቋቋም ኃይል አለው። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ ስላለበት የ1 ሜትር ገመድ የ2 ሜትር ሽቦ ማለት ነው፤ ይህም ወደ 0.42 ኦም ይጠጋል። በዚህ ሽቦ ውስጥ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.85 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ከፖርቱ 5 ቮልት ቢወጣ ስልኩ ጋር የሚደርሰው 4.15 ብቻ ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ የሚስበውን ኃይል ይቀንሳል፤ ተጠቃሚው ደግሞ ቻርጀሩ ደካማ ነው ብሎ ይደመድማል። የኃይሎቹ ሽቦዎች ባለ 24 ቁጥር ቢሆኑ በዚያው ርዝመትና በዚያው 2 አምፔር የሚባክነው 0.34 ቮልት ገደማ ብቻ ይሆናል። ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር ሲያድግ ብክነቱም እጥፍ ስለሚሆን፣ ለኋላ ወንበር ረጅም ገመድ የሚፈልግ ሰው ባለ 22 ወይም ባለ 20 ቁጥር ቢፈልግ ይሻለዋል።

የውፍረት ቁጥሩ ያልተጻፈበት ገመድ ሲያጋጥም ከላይ ባለው ሽፋን ውፍረት መፍረድ አይቻልም፤ ወፍራም ፕላስቲክ ቀጭን መዳብ ሊደብቅ ይችላል።

ካርታ ከፍቼ ስነዳ፣ ገመዱ ተሰክቶም ባትሪው እየቀነሰ ይሄዳል። ገመዱን ልቀይር?

ምናልባት ጥፋቱ የገመዱ ላይሆን ይችላል። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ፖርት በመሠረታዊ ደንቡ የሚሰጠው 0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው፤ በዩኤስቢ 3.0 ፖርት ይህ ወደ 4.5 ዋት ያድጋል። ለቻርጅ ተብለው የተዘጋጁ የዩኤስቢ ኤ ፖርቶች 1.5 አምፔር፣ ማለትም 7.5 ዋት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ታይፕ ሲ ደግሞ በ5 ቮልት ብቻ እስከ 3 አምፔር፣ ማለትም 15 ዋት ድረስ ይሄዳል። ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን እየበራ፣ ጂፒኤሱና ኢንተርኔቱ በአንድነት እየሠሩ ያለ ስልክ 2.5 ዋቱን ተጠቅሞ ተጨማሪ ሊፈልግ ይችላል። ፖርቱ የማይሰጠውን ኃይል የትኛውም ገመድ ሊያመጣው አይችልም።

ሙቀትም መረሳት የለበትም። አፕል አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ የአካባቢ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራል፤ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስታወት ሥር የተሰቀለ ስልክ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ባትሪው ሲሞቅ ስልኩ ራሱን ለመጠበቅ ሲል ቻርጁን ያዘገየዋል ወይም 80 በመቶ አካባቢ ላይ ያቆመዋል። ስልኩን ከፀሐይ አርቆ የቀዝቃዛ አየር መውጫው አጠገብ ማድረግ፣ አንዳንድ ጊዜ ገመድ ከመቀየር ይልቅ ይጠቅማል።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው 60፣ 100 ወይም 240 ዋት ምን ይነግረኛል?

ገመዱ ሳይጎዳ ሊሸከመው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይነግራል፤ ስልኩ የሚያገኘውን አይደለም። ከሲ ወደ ሲ የሆነ ማንኛውም ደንብ የጠበቀ ገመድ 3 አምፔር ይሸከማል፤ በ20 ቮልት ሲሰላ 60 ዋት ይሆናል። ከዚያ በላይ፣ ማለትም 5 አምፔር እንዲሸከም ከተፈለገ፣ በገመዱ ጫፍ ውስጥ ማንነቱን ለቻርጀሩ የሚናገር ትንሽ ቺፕ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፓወር ዴሊቨሪ (ቻርጀርና መሣሪያ ተስማምተው ቮልቱን ከፍ የሚያደርጉበት የዩኤስቢ የፈጣን ቻርጅ ዘዴ) 3.1 ደንብ ጣሪያውን በ48 ቮልት ወደ 240 ዋት አሳድጎታል፤ ይህ ግን ለላፕቶፕ እንጂ ለስልክ የሚያስፈልግ አይደለም።

ለአብዛኛው የመኪና ተጠቃሚ ባለ 60 ዋቱ በቂ ነው። በመኪናው ውስጥ ላፕቶፕም ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ብቻ ወደ ላይኛው ቢሄድ ምክንያት አለው።

ፖርቱ ዩኤስቢ ኤ ነው፤ ስልኩ ታይፕ ሲ ነው። ከኤ ወደ ሲ የሆነ ገመድ ልግዛ ወይስ የሲ ገመድ ከአዳፕተር ጋር?

ቀጥተኛውን ገመድ ይግዙ። ከኤ ወደ ሲ የሆነ ገመድ በሲው ጫፍ ውስጥ 56 ኪሎ ኦም የሆነች ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የምትቋቋም ትንሽ ክፍል) እንድትኖረው ደንቡ ያዛል። ይህች ሬዚስተር ስልኩ ከአሮጌው ፖርት ከአቅሙ በላይ እንዳይስብ የምታስጠነቅቅ ናት። ታይፕ ሲ ገና በተጀመረበት ዘመን ብዙ ርካሽ ገመዶች 10 ኪሎ ኦም የሆነች ሬዚስተር ተደርጎላቸው ወጥተው ነበር፤ ስልኩም ፖርቱ 3 አምፔር የሚሰጥ መስሎት ያንን ለመሳብ ይሞክራል። የጉግል መሐንዲስ የነበረው ቤንሰን ሊዩንግ እ.ኤ.አ. በ2015 በገበያ ላይ ያሉ ገመዶችን እየመረመረ ውጤቱን በይፋ መጻፍ በጀመረ ጊዜ ነው ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው። ዛሬ ሁኔታው ተሻሽሏል፤ ሆኖም ስም የሌለው፣ ማሸጊያ የሌለው ገመድ ላይ ዛሬም ቢሆን መጠንቀቅ ይገባል።

አንደኛው ወገኑ የሲ ቀዳዳ፣ ሌላኛው የኤ ጫፍ የሆነው ትንሹ አዳፕተር በየቦታው ይሸጣል፤ በብዙ መኪኖችም ላይ ይሠራል። የዩኤስቢ ደንብ ግን እንዲህ ያለውን አዳፕተር አይፈቅድም፤ በተጨማሪም ከፖርቱ ላይ ወጥቶ ስለሚቆም፣ እግር ወይም ማርሽ የሚይዝ እጅ ሲገፋው ፖርቱን ያላላዋል።

ለላይትኒንግ ስልክ ርካሽ ገመድ ብጠቀም ምን ይመጣብኛል?

የላይትኒንግ ጫፍ በውስጡ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ቺፕ አለው፤ አፕል ለሌሎች አምራቾች ይህን የሚፈቅደው ኤምኤፍአይ በተባለው የፈቃድ ፕሮግራም ነው። ያልተፈቀደለት ገመድ ለጊዜው ሊሠራ፣ ከዚያም መለዋወጫው አይደገፍም የሚል መልእክት ሊያመጣ ይችላል። በካርፕሌይ ላይ የሚታየው መቋረጥም ከዚሁ ሊመጣ ስለሚችል፣ በላይትኒንግ ጉዳይ ላይ የኤምኤፍአይ ምልክት ያለበትን መምረጥ ይበጃል።

ቤት ውስጥ በጣም ፈጥኖ ቻርጅ የሚሆን ስልኬ በመኪና ውስጥ ለምን ይዘገያል?

አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው የሆነ የፈጣን ቻርጅ ዘዴ ስላላቸው ነው። ለምሳሌ የኦፖው ቩክ የሚሠራው የኩባንያው ቻርጀር፣ ገመዱና ስልኩ ሲገናኙ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲጎድል ስልኩ ወደ ተራው ፍጥነት ይመለሳል። ፓወር ዴሊቨሪን የሚቀበል ስልክ ያለው ሰው ግን በላይተር ሶኬት የሚሰካ ይህንኑ ዘዴ የሚደግፍ ቻርጀርና ከሲ ወደ ሲ የሆነ ገመድ ቢይዝ፣ ከቤቱ ብዙም የማይለይ ፍጥነት ያገኛል። ይህ ዘዴ ቮልቱን ወደ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ለተመሳሳይ ዋት በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ያንሳል፤ ቀደም ሲል የተሰላው ብክነትም አብሮ ይቀንሳል።

በላይተር ሶኬት የሚሰካ ቻርጀር ስመርጥ ምን ላስተውል?

የሞተሩ ኃይል አመንጪ በሚሠራበት ጊዜ የአነስተኛ መኪና ሶኬት ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ የብዙ የጭነት መኪኖች ደግሞ 24 ቮልት ነው። ስለዚህ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው በቻርጀሩ ላይ 12 እስከ 24 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጥ። ሁለት ፖርት ያላቸው ቻርጀሮች የሚያስተዋውቁት ዋት የሁለቱ ድምር ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚሰጠው በትንሹ የተጻፈው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሶኬቱ ኃይል መስጠቱን የማያቆም ከሆነ፣ መኪናው ለቀናት ሲቆም ቻርጀሩን መንቀል ያስፈልጋል።

ቻርጅ እያደረግሁ በኦክስ ገመድ ሙዚቃ ስከፍት ጩኸት ይሰማል። ገመዱ ነው?

ድምፁ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ምክንያቱ ስልኩ በሁለት መንገድ፣ በቻርጀሩም በኦክሱም፣ ከመኪናው ጋር በአንድ ጊዜ መያያዙ ነው። ሁለቱ መንገዶች ቀለበት ሲፈጥሩ ከኃይል አመንጪው የሚመጣው ረብሻ ወደ ድምፅ ማጉያው ይገባል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ቻርጀሩን ይንቀሉት፤ ጩኸቱ ወዲያው ይጠፋል። መፍትሔው የተሻለ የቻርጅ ገመድ መግዛት አይደለም፤ በኦክስ ገመዱ መካከል የሚገባ የጩኸት ማገጃ መጠቀም ወይም ድምፁን በዩኤስቢ አልያም በብሉቱዝ ማስተላለፍ ነው።

ማግኔት ያለው ጫፍ፣ የተጠመዘዘ ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ገመድ ይሻላል?

በጨርቅ የተሸፈነው ጥሩ ነው፤ በወንበር ሥር ሲረገጥና በበር ሲያዝ ይቋቋማል። ገመድ ቀድሞ የሚሰበረው ግን በመሐል ሳይሆን ከጫፉ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ስለሆነ፣ ከጨርቁ ይልቅ እዚያ ያለውን ተጣጣፊ መከላከያ ይመልከቱ። አንገቱ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ገመድ በጠባብ ቦታ ላይ ያመቻል። እንደ ምንጭ የተጠመዘዘው በማርሹ ዙሪያ አይጠላለፍም፤ ሲዘረጋ ግን ስልኩን ወደ ኋላ ይስባል፣ በውስጡ ያለው ሽቦም ከሚታየው ርዝመት በላይ ነው። የማግኔት ጫፎች በዩኤስቢ ደንብ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ መገናኛቸው ሳይሸፈን ስለሚቀር ብረት ነክ ቆሻሻ ይስባል፣ ብዙዎቹም መረጃ አያስተላልፉም። ለካርፕሌይና ለአንድሮይድ አውቶ አይመከሩም።

ያለ ገመድ መገናኘት ከተቻለ ገመድ ለምን ያስፈልጋል?

ስክሪኑ በዋይፋይ የሚገናኝ ከሆነ ለግንኙነቱ ገመድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ይህ አገናኝ ራሱ ባትሪ ይበላል፣ ስልኩንም ያሞቀዋል። በረጅም ጉዞ ላይ ገመዱ በላይተር ሶኬቱ በኩል ለቻርጅ ብቻ ቢያገለግል ይመረጣል፤ ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረጊያው በሙቀት መልክ የሚያባክነው ኃይል ከገመዱ ይበልጣል።

ግንኙነቱ በመንገድ ላይ እየተቆረጠ ይመለሳል። ከየት ልጀምር?

ከስልኩ ቀዳዳ ይጀምሩ። ኪስ ውስጥ የሚጠራቀም ብናኝ ተጠቅጥቆ ገመዱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ስልኩን አጥፍተው በእንጨት ስንጥር በቀስታ ያውጡት፣ ብረት አይጠቀሙ። ቀጥሎ ሌላ አጭር፣ መረጃ እንደሚያስተላልፍ በኮምፒውተር የተረጋገጠ ገመድ ይሞክሩ። በአዲሱ ገመድ ችግሩ ከጠፋ አሮጌውን ያስወግዱት፤ አንገቱን በተወሰነ መንገድ አጥፎ ማሠራት ለሁለት ቀን እንጂ ለዘለቄታው አያዋጣም። በሁለት ደህና ገመዶችም ከቀጠለ የመኪናው ፖርት ላልቶ ሊሆን ይችላል። የዩኤስቢ ኤ መደበኛ ፖርት የሚሠራው 1,500 ጊዜ ተሰክቶ እንዲነቀል ታስቦ ሲሆን፣ ታይፕ ሲ ደግሞ 10,000 ጊዜ ነው፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚሰካበት ዩኤስቢ ኤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ወሰኑ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ገመዱን ከመኪናው ወገን ሳይነቅሉ በቋሚነት መተውና በስልኩ በኩል ብቻ መሰካትና መንቀል የፖርቱን ዕድሜ ያራዝማል። ፖርቱ በርግጥ ከተጎዳ ብዙውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተነቅሎ ለብቻው የሚቀየር ስለሆነ፣ ሙሉውን ስክሪን ቀይሩ የሚል ምክር ከመቀበልዎ በፊት ፖርቱ ብቻ መቀየር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።